ሰይድ እማዬን እንዲሰማ

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ከሰ/በኋላ

ካውያ ላይ ነኝ። የማዳም አባያ አልቋል፣ አንሶላው ቀርቷል። እሷ ተኝታለች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እማዬ ናት፣ ከሐርቡ። መጻፍ ስለማትችል ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ስልኩን ትይዝላትና በድምፅ ትልካለች። ከሰላምታው በፊት ሰይድስ ትላለች። ልጄ ለምን አይመልስልኝም፣ ምን አስቀየምኩት ትላለች።

ምን ልበላት፣ ደብተሬ? ወንድሜ መካ እብነ በረድ ሲቆርጥ ኖሮ ጆሮው ጠፋ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲጮህበት ይውላል። መጀመሪያ ፉጨት ብቻ ነበር፣ ኋላ ጥጥ የተወተፈበት ያህል ሆነ። አሁን ፊቱ ቆሜ ስጮህ ከንፈሬን ነው የሚያየው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፣ ሆስፒታል አይገባም። አንድ ፋርማሲ የሚሠራ ሱዳናዊ አይቶት ነርቩ ነው፣ ኻላስ፣ አበቃ ብሎታል። ከመንገድ የገዛሁለት የጆሮ መሣሪያም ከማፏጨት በቀር አልረባም።

ለእማዬ እንዳልነግራት አስምሎኛል። የምትለውን እየጻፍኩ እልክለታለሁ። ዛሬም ላክሁ። የመለሰልኝ አንድ መስመር ናት፦ "የናፈቀኝ የአንቺ ጽሑፍ አይደለም።"

ይሄን ሳነብ አንሶላው ጠርዙ ላይ ተቃጠለ። አጥፌ ከታች ደበቅሁት።


ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት

ማዳም የሟች ባሏን ክፍል አስከፈተችኝ። እዚህ ሳፋ ሰፈር ከመጣሁ ጀምሮ ተቆልፎ የኖረ ክፍል ነው። ሪያድ ያለው ልጇ ለእንግዳ ይሁን ብሏል። በወረቀት ከፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪ፣ እሱ ነው፣ ስለዚህ ያለው ይሆናል።

አቧራ ብቻ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ከባድ የብረት ሣጥን፣ አናቱ ላይ ትንንሽ አምፖል የሚመስሉ ብርጭቆዎች የተተከሉበት። አጠገቡ ትልቅ ማዳመጫ፣ ስፖንጁ የተላጠ። ማዳም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ባሌ ኋላ ላይ ጆሮው ደክሞ ነበር። በዚህ ነበር ቁርአን የሚያዳምጠው። ከሳሎን ሆኜ እንኳ ይሰማኝ ነበር አለች።

እጄ ቆመ። ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሣጥኑን ስጪኝ ብዬ ጠየቅኋት። እዚህ ቤት ምንም ነገር ጠይቄ አላውቅም። ለምንሽ አለችኝ፣ የሰይድን ጆሮ ነገርኳት። ከዚያ ውሰጂው አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ ክፍሉ ግን ዛሬ ማለቅ አለበት አለች።

አለቀ። ወገቤ የለም። ሣጥኑን ክፍሌ አስገብቼ አየሁት። ከኋላው ቀይና ነጭ ክብ ቀዳዳ ነው ያለው። የስልክ ገመድ የሚገባበት የለም። ወይ እድሌ።


ጥቅምት 14፣ ጁምዓ፣ ከሰ/በኋላ

የእረፍት ቀኔ ነው። ሣጥኑን በፎጣ ጠቅልዬ ባላድ ገበያ ወረድኩ፣ ከማል ጋ። የከሚሴ ልጅ ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይሠራል፣ የሰፈራችንን ሴቶች ስልክ የሚጠግነው እሱ ነው። ፎጣውን ሲገልጠው ማሻአላህ አለ። ብርጭቆዎቹን እንደ እንቁላል ነካቸው። ቱዩብ ይባላሉ፣ ሲሞቁ ነው የሚሠሩት፣ እስኪሞቁ ታገሺ አለኝ።

እንደገባኝ እጽፋለሁ። ስልኩ ውስጥ ያለው የእማዬ ድምፅ በቁጥር ነው የተቀመጠው። ይሄ አሮጌ ሣጥን ቁጥር አያውቅም። መሐል ላይ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልስ ሌላ ትንሽ ሣጥን ይገባል፣ ዳክ ይሉታል። በአንድ በኩል ስልኩ ይሰካበታል፣ በሌላው ቀይና ነጭ ገመድ ይወጣና ወደ አሮጌው ይሄዳል። አሮጌው ያጎላዋል። የስልኩ ጉልበት ትልቁን ማዳመጫ አይገፋውም፣ ይሄ ግን ይገፋዋል አለ። ደግሞ ሣጥኑ የመቶ አሥር ቮልት ነው፤ የማዳም ቤት አሮጌ ሶኬት ስላለው ነው እንጂ መካ በቀጥታ ብትሰኪው ይቃጠላል ብሎ ትራንስፎርመር ጨመረልኝ።

የሰይድ ጆሮ ይሰማበታል ወይ ስለው ዓይኑን ሰበረ። ነርቭ ከሆነ እኔ አላውቅም፣ ሞክሪው አለ።

ሁሉንም አገናኝቶ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ብርጭቆዎቹ ቀስ ብለው እንደ ፍም ቀሉ። የእሑዱን መልእክት ከፈትኩ።

ደብተሬ፣ እማዬ ሱቁ ውስጥ ነበረች። ከኋላዋ ዶሮ ይጭራል። ኩባያ ሲቀመጥ ይሰማል። ሳቅሁ፣ ከማልም ሳቀ። ቀጥሎ ትንፋሿ መጣ። በየቃሉ መሐል ትቆማለች። ስትስበው ደረቷ ውስጥ ውሃ እንደሚፈላ ነገር ያንቋርራል። ደህና ነኝ አለች፣ ሳበች፣ አንቋረረ፣ አልሐምዱሊላህ አለች። ከዳር ደግሞ የሆነ ሰው አፍንጫውን ይስባል፣ ያለቅሳል።

ይሄንን መልእክት በስልኬ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። አንዱንም አልሰማሁትም ለካ።


ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ጠዋት

ማዳም ገበያ ወጣች፣ ለእትዬ ዘሀራ ደወልኩ። መጀመሪያ ካደች። ኋላ አለቀሰች። እማዬ እግሯ አብጧል። ጋደም ካለች ትታፈናለች፣ ተቀምጣ ነው የምታነጋው። ጤና ጣቢያ ልቧ ነው ብለው ደሴ ሆስፒታል ጻፉላት፣ አልሄድም አለች። ልጆቼ በሰው አገር ናቸው፣ እንዳትነግሪያቸው ብላ በአላህ ስም ይዛኛለች አለችኝ።

እሱ አትንገሪያት ይላል። እሷ አትንገሪያቸው ትላለች። እኔ መሐል ቤት የሰው ወለል እወለውላለሁ።


ጥቅምት 21፣ ጁምዓ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ መካ

ሰይድ ክፍል ነኝ፣ ዳገቱ ላይ ያለው አሮጌ ቤት። አብረውት ያሉት ልጆች ቦታ ለቀውልን ወጡ። ሰይድ ከስቷል። ጢሙ ውስጥ ነጭ አቧራ አለ፣ ታጥቦም አይለቅም። እጄን ስሞ ሣጥኑን ሲያይ ይሄ ምድጃ ነው እንዴ ብሎ ጮኸ። ድምፁን አያውቀውም፣ ሁሌ ይጮኻል።

ስሰካው መጀመሪያ ንብ የገባበት ቀፎ ሆነ። ለከማል በቪዲዮ ደወልኩ፣ ትራንስፎርመሩን አርቂው፣ የስልኩን ቻርጀር ንቀይው አለ። ነቀልኩ። ጸጥ አለ።

ጆሮው ላይ አደረግሁለት። እማዬን ከፈትኩ። ምንም። ራሱን ነቀነቀ። ማዞሪያውን ጨመርኩ። እኔ ከበሩ ጋ ቆሜ ቃሉን ሁሉ እሰማለሁ፣ እሱ ግድግዳ ያያል። ጨመርኩ። ከማል ከስልኩ ውስጥ በቃ፣ የቀረውንም ጆሮ ትገድይዋለሽ እያለ ይጮኻል። ትንሽ ጨመርኩ።

ሰይድ እጁን አነሣ።

"ቁሚ! ቁሚ! እዚህ አለች!"

"ምን አለች?" አልኩት በከንፈሬ።

"ቃሉን እንጃ። ግን እሷ ናት። በጀርባዋ አዝላኝ ከሰው ስታወራ እንደሚሰማኝ ነው። ያኔም ቃሉ አይገባኝም ነበር።"

ከአንዱ ልጅ ካርቶን ቀድጄ ያለችውን ሁሉ በትልቁ ጻፍኩለት። መልእክቱን መልሼ ከፍቼ፣ እሷ ስትናገር ጣቴን ከቃል ቃል አስኬድኩ። "ሰይዴ፣ የኔ ጌታ፣ ምን አስቀየምኩህ?" እዚያ ጋ ስደርስ ካርቶኑን ከእጄ ወሰደውና ግንባሩ ላይ አደረገው። እንደዚያ ተቀምጦ ደጋግሞ ሰማት። ወላሂ ቆንጆ ነበር። በዚህ አገር ያየሁት አንድ ቆንጆ ነገር እሱ ነው።

ከዚያ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየኝ።

"እዚህ መሐል ያልጻፍሽው አለ።"

"የለም።"

"አለ። የሚያንቋርር ነገር። ቃል አይደለም። ደረቷ ነው እንዴ?"

ደግሜ መዋሸት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። ጻፍኩለት፣ እግሯን፣ ልቧን፣ ተቀምጣ ማደሯን። አንብቦ ማዳመጫውን አወለቀ። መኪናው ሊሄድብኝ ነው።


ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ከፈጅር በኋላ

ሰይድ ጻፈ። ለፖሊስ እጁን ሊሰጥ ነው። ተርሒል፣ ማባረሪያ እስር ቤቱ፣ ገብቶ አገር ይልኩታል፣ ሌላ የመውጫ መንገድ የለውም።

አይሆንም አልኩት። እዚያ ቀንም ወርም ይቀመጣል። ስም የሚጠሩት በድምፅ ነው፣ ስምህ ሲጠራ ማን ይነግርሃል? ይዘሉሃል። ሰው ለምኜ ጎኑ እቀመጣለሁ አለ። መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ፈልገን እንጠይቅ አልኩ። እማዬ ጊዜ የላትም፣ ድምፁን ሰምቼዋለሁ አለ።

ያንን ሣጥን ለምን አየሁት? በወሬዬ ብቻ ቢያውቃት ይቀመጥ ነበር። እንደዚህ ካሰብኩ በኋላ ደግሞ የካርቶኑ ነገር ትዝ ይለኛል። አላውቅም። የሩዙ ውሃ ፈላ።


ጥቅምት 26፣ ረቡዕ፣ ከሰ/በኋላ

ገባ። ከመግባቱ በፊት ለእማዬ በድምፅ ላከላት፣ ጆሮው ከጠፋ ወዲህ የመጀመሪያው። እየጮኸ ነው። እማዬ መጣሁ፣ ጆሮዬ ስላመመኝ ነው የዘጋሁሽ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ መጣሁ ይላል። ስልኩን ለክፍል ጓደኛው ትቷል፣ እዚያ ይወስዱብኛል ብሎ። ሣጥኑንና ዳኩንም ልጁ አልጋ ስር አስገብቶታል።

እትዬ ዘሀራ ደወለች። እማዬ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታሰማ ውላለች። ጎረቤት የገባ ሁሉ ይስማ ትላለች። ሾርባ ጠጣች አለችኝ። ሾርባ በመጠጣቷ ደስ አለኝ፣ እንደ ሞኝ።


ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከዙህር በኋላ

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ዛሬ ጠዋት። ተቀምጣ እንዳለች። እትዬ ዘሀራ ሱብሒ ሰግዳ ስትገባ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። አሁን ተቀብራለች። ወላጅ እናቴ ስትቀበር እኔ የማዳምን ዓሣ እያጸዳሁ ነበር፣ ቅርፊቱ እጄ ላይ አለ።

ማዳም አቀፈችኝ። አልዋሽም፣ አቀፈችኝ። ከዚያ ዛሬ እንግዳ እንዳለ አስታወሰችኝ።

ሰይድ አያውቅም።


ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ከውጭ ሰይድ ጋ የሚደርስ ሰው የለም። አንድ እዚያ ያለ የደሴ ልጅ በድብቅ ስልክ ለከማል ዘመድ ደውሎ፣ ሰይድ በጤና ነው፣ ስሙ ሲጠራ እኔ እነካዋለሁ፣ የሚሄድበት ቀን አልታወቀም ብሏል። ንገርልን እንበለው ወይ ብሎ ከማል ጠየቀኝ። ደንቆሮን ሰው በሞላበት አዳራሽ፣ እንዴት ብሎ? ጆሮው ስር እየጮኸ? መሬት ላይ በጣቱ ጽፎ? አይሆንም አልኩ።

ካልተነገረው ደግሞ እየሮጠ ይሄዳል። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ ሐርቡ ሲደርስ በራችን ላይ ድንኳኑን ያያል። ድንኳኑ ተነሥቶም ከሆነ ባዶውን መደብ ያያል። ሰው ሁሉ አፉን ያንቀሳቅስለታል። አይሰማም። የማን አፍ ምን እንዳለ ሳይገባው መሐላቸው ይቆማል።

ትናንት ማታ ማዳም ልጇን ጠየቀችልኝ። እረፍቷ አልደረሰም፣ ከሄደች ኹሩጅ ኒሃኢ ነው ብሏል። የመጨረሻ መውጫ፣ መመለስ የለም። ማዳም እኔ ምን ላድርግ ብላ መዳፏን ዘረጋች። አስቢበት አለችኝ።

ማሰቡን ጨረስኩ። እማዬን አልደርስባትም። አገር ገብቼ የምሠራው የለኝም። ማን እንደሚያበላን አላውቅም፣ ደንቆሮ ወንድምና ሥራ የሌላት እህት። ግን ከተርሒል የሚመጡት በየት በኩል እንደሚወጡ አውቃለሁ። ከእሱ ቀድሜ ገብቼ አዲስ አበባ ኤርፖርቱ በር ላይ እቆማለሁ፣ ቀኑ እስኪደርስ፣ በየቀኑ። ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ይሁን። ሌላ መንገሪያ የለኝም።

ኹሩጁን እቀበላለሁ። ማዳም ከኩሽና እየጠራችኝ ነው። ልነግራት እየሄድኩ ነው።