እማዬ ዳታ እንዳትከፍት

ጥቅ. 7፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡00

ገና ጫማዬን አላወለቅኩም። እግሬ አብጧል። ከቦሩ ሜዳ ደሴ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ኮምቦልቻ፣ ሁለት ሚኒባስ። ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ሆዴ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሲራገጥብኝ ነበር። ሰባት ወር ሞላው፤ እንግዲህ ይራገጥ፣ ቢራገጥ ነው የሚሻለኝ።

እማዬን ዛሬ አስተማርኳት። ወንድሜ ሙሌ ከጅቡቲ ያመጣላትን ስልክ ሦስት ሳምንት ሙሉ በነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር። እንዳይበርደው ይሆናል። ሙሌ ሲሰማ ሊስቅባት ነው። (የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ኮ/ቻ ጭኖ ጅቡቲ ወደብ፣ ወደብ ጭኖ ኮ/ቻ። ሌላ ሕይወት የለውም።)

ፊደል ስላልቆጠረች በድምፅና በፎቶ ነው ሥራዋ። ይቺን ይዘሽ ተናገሪ፣ ስትጨርሺ ልቀቂ አልኳት። ይዛ ስለ ሁሉም ሰው ጤና ጠየቀች፣ ስለ ከብቱ ነገረች፣ ማርያምን ለመነች፣ ከዚያ መልቀቁን ረሳች። አራት ደቂቃ። የምትለው ነገር ሲጠፋሽ ደግሞ ይቺን ንኪ አልኳት፤ ሁለቱን የተጋጠሙ እጆች። ለደስታም ለሐዘንም ትሆናለች። በጣም ወደደቻት። የቦሩ ልጆች ግሩፕ ውስጥ አስገባኋትና ባየችው ፎቶ ሥር ሁሉ እጅ አስቀመጠች። የሚሸጥ በግ ፎቶ ሥር ሳይቀር።

ሁለት ዓመት አልሆነም እኮ፣ እዚያ አገር አንድ ጥሪ ለማግኘት ኮረብታ ይወጣ የነበረው። አሁን ታወሩ ቆሞ ሪያድ ያለው፣ ቤሩት ያለው፣ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ እማዬ መዳፍ ላይ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሬድዮ ስለዚሁ ያወራ ነበር፤ ዓለም ሁሉ ኢንተርኔቱን በኪሱ ይዞ መዞር ጀምሯል፣ ገጠሩም እየገባበት ነው ይላል። እማዬም ገባች በለው አልኩ በልቤ።

የሳምንት ፓኬጅ ሞላሁላት፤ እስከ እሑድ ያደርሳታል። ወዲያው ሙሌ በቪዲዮ ደወለ። ግማሽ ፊቱ ብቻ ይታያል። እማዬ ስክሪኑን ሳመችው። ተዘጋ።

ጥቅ. 9፣ ማክሰኞ፣ 6፡45

የምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽንት ቤት ውስጥ ነኝ። ሰው እንዳይሰማ በሩን ቆልፌያለሁ።

ሙሌ ሞተ።

ለምሳ ወጥቼ ሎከሬን ከፈትኩ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ እንደ ልማዴ ግሩፑን ነካሁ። ሙሌ። ብርቱካናማ ሸሚዙን ለብሶ፣ መኪናው አጠገብ። ከጎኑ የሻማ ሥዕል። ነፍስ ይማር ይላል። የለጠፈው አብሮት የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ ነው። መኪናው ወደብ ሊገባ ሲል ሌሊት ተገልብጦ ነው ብሎ ጽፏል። ሥሩ በእጅ ተሞልቷል።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የመጣብኝ ሙሌ አይደለም። እማዬ ናት። እኔው ነኝ ግሩፑ ውስጥ ያስገባኋት፣ በገዛ እጄ፣ እየሳቅኩ። ጽሑፉን አታነብም፤ የልጇን ፎቶና ሻማ ግን ማን ያስነብባታል? መርዶ እኮ ሰው ነው ይዞት የሚመጣው። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ይመጣል፣ ቄስ ይመጣል፣ ውሃ የያዘች ሴት ከኋላ ትቆማለች፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አለ። እሷ አሁን ብቻዋን ናት። ደም ግፊት አለባት።

ደወልኩላት። በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። ድምፄን እንዴት እንዳስተካከልኩት አላውቅም። ድምፅዋ ደህና ነው። ዶሮዋ ጫጩት እንደፈለፈለች ነገረችኝ። ዳታውን ዝጊው እማዬ፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ ሁለቱን ቀስቶች ንኪያቸው አልኳት። ዘግቼዋለሁ አለች። አንቺም ዝጊው፣ ለሆድሽ ጥሩ አይደለም ሲሉ ሰማሁ አለች።

አላየችም። እግዚአብሔር ይመስገን አላየችም።

ያው ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ባለቤቴ ካሳው ባጃጁን አቁሞ ገባ። በጊዜ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አቧራ ነው አለ። እጁን ሳይታጠብ ስልክሽን አምጪ አለኝ። ባትሪው አብጧል አሉ፣ ይፈነዳል፣ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ላሠራልሽ። ወስዶ ደበቀው። በምትኩ ባለ ቁልፏን ትንሿን ስልክ ሰጠኝ፤ ከመደወል በቀር ምንም የማታውቀዋን።

ገባኝ። ከእኔ እየደበቁ ነው። አባዬ የሞተ ጊዜ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። መርዶውን በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ፅንሱ ወረደ። ካሳው ያን ደም በገዛ እጁ ነው ያጠበው። እንዴት ልፍረድበት?

ባውቅም ዝም አልኩ። ማወቄን ካወቁ ከአልጋ አያስወርዱኝም፤ ያን ጊዜ እማዬን ማን ይጠብቃታል? እራት በላሁ። ትበያለሽ ወይ ብሎ ሲያየኝ ጨምሬ በላሁ። ወንድሜ ሞቶ ሽሮ ጨምሬ በላሁ።

ጥቅ. 10፣ ረቡዕ፣ 12፡40 ጧት

ከሥራ በፊት። ካሳው ውጭ ቆሞ ከአጎቴ ከጋሽ ይመር ጋር በስልክ ያወራል። ሹክ እያለ ነው፤ ግን የካሳው ሹክሹክታ እንኳን ለእኔ ለጎረቤትም ይበቃል። አስከሬኑ የወረቀት ጉዳይ አለበት። ቅዳሜ ማታ ደሴ ይገባል። እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባቷ እማዬ በር ላይ ይደርሳሉ። ቀብሩ በዚያው ቀን።

ለእሷ አለ ካሳው። ማለት ለእኔ። ለእሷ ከወለደች በኋላ።

ከወለድኩ በኋላ! ሁለት ወር ሙሉ ሙሌ መንገድ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለውም እያሉኝ ሊኖሩ? እኔስ እየሳቅኩ እሺ ልል?

አሁን እሱን ተይው። እማዬ እስከ እሑድ። አራት ቀን። ፓኬጁ እሑድ ነው የሚያልቀው፤ እንዳያልቅባት ብዬ ትልቁን ነው የሞላሁት። ለጋስ መሆኔ ነው። ፎቶውን የለጠፈው ልጅ እንዳያጠፋው ራሱ በረሃ መንገድ ላይ ነው፣ ኔት የለውም። ለመለጠፍ ኖሮት ለማጥፋት አጣ።

ረቡዕ፣ 6፡30

ለእትዬ ዘሀራ ደወልኩ፤ የእማዬ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ማልቀስ ሲጀምሩ ማወቄን ማንም አይስማ ብዬ አስማልኳቸው። ሪያድ ካለው ልጃቸው ትናንት ሰምተዋል። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፣ መንደሩ ሁሉ አፉን ይዟል። ስልኳን በሆነ ምክንያት ይውሰዱልኝ አልኳቸው። «ወላሂ ሳልወስድ አላድርም፣ አንቺ ብቻ አብሽሪ» አሉ።

ጥቅ. 11፣ ሐሙስ፣ 6፡30

እትዬ ዘሀራ ስልኩን ወሰዱ። የእኔ ተበላሽቷል፣ ለልጄ ልደውልበት ብለው። እማዬ ያለምንም ጭቅጭቅ ሰጠቻቸው። እንዲያውም አንቺው ጋ ይቆይ፣ ልጄ ትዕግሥት ስትደውል ብቻ አቀብይኝ አለች አሉ። ቀለለኝ። ከማክሰኞ ወዲህ መጀመሪያ የተነፈስኩት ዛሬ ነው።

አንድ ነገር ግን። እማዬ ግቢውን ጠርጋ፣ ደጁን ለቀለቀች፣ ለአባዬ ሐዘን የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰቀለችው አሉ እትዬ ዘሀራ። ምነው ሲሏት ብል እንዳይበላው አለች።

ጥቅምት ነው፤ ሁሉም ልብሱን ፀሐይ ያሞቃል። እንደዚያ ነው።

ጥቅ. 12፣ ዓርብ፣ 11፡30 ከሰዓት

ዛሬ የምፈትሸው ጨርቅ ሁሉ እንከን የለበትም። ማለት አላየሁትም። ዓይኔ ሥር ሁለት መቶ ሜትር አለፈ፤ ሱፐርቫይዘሯ ተቀዶ የተሰፋ አሳየችኝ። ደከመኝ አልኳት። ሆዴን አይታ አለፈችኝ።

ምሳ ቤት ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ድሮ የምንሳሳቅበት ጠረጴዛ ላይ። በየመዳፉ የማን እናት ይሆን፣ የማን ወንድም ይሆን እያልኩ አየኋቸው። ጮኼ ዝጉት ልላቸው ፈለግኩ።

ተናደድኩ። በለጠፈው ልጅ፣ በታወሩ፣ በካሳው፣ በራሴ። በሙሌም። ሌሊት አትንዳ ስንት ጊዜ አልኩህ? ስንት ጊዜ?

ሆዴ ተኮማተረ፣ ጠንክሮ ቆየ፣ ተለቀቀ። ፈራሁ። ተቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ሰውዬው ተራገጠ። እሺ። እሺ የኔ ጌታ።

ለእማዬ ደወልኩ። እሷ ናት የምትጠይቀኝ። በላሽ? ተኛሽ? ስልኩ ተሠራ? ካሳው ባይቸኩል፣ ቆይቶ ቢያሠራው ጥሩ ነው አለች። ለካሳው እንዲህ ስታስብለት የመጀመሪያዋ ነው። ስለ ሙሌ አልጠየቀችኝም። ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር። እኔም ባለመጠየቋ ደስ አለኝ፤ ምን ብዬ እዋሻታለሁ?

ጥቅ. 13፣ ቅዳሜ፣ 8፡20 ከሰዓት

ግማሽ ቀን ነው፣ ገብቻለሁ። ካሳው የባጃጅ ዕቃ ልገዛ ደሴ ሄድኩ ብሎ ሄዷል። ጥቁር ጃኬት ለብሶ ነው ዕቃ የሚገዛው።

ስልኬን አገኘሁት። የበርበሬው ጣሳ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ። የእኔ ባል እኔ በርበሬ እንደማልነካ ያውቃል፤ ከፀነስኩ ጀምሮ ያስነጥሰኛል። እያስነጠስኩ አወጣሁት። ከፈትኩት። ሙሌን ደግሜ ላየው ነው የፈለግኩት፣ ሌላ አይደለም። ብርቱካናማ ሸሚዙን።

ከሥሩ ያሉትን እጆች ነካሁ። ማን ማን እንዳስቀመጠ ይዘረዝራል። ሪያድ ያለው። ቤሩት ያለችው። አስተማሪያችን የነበረው። ወደ ታች፣ ወደ ታች። መጀመሪያ ላይ ካስቀመጡት መሃል አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት፣ በሯ ላይ ቆማ። እኔ ያነሳኋት ፎቶ ነው። እሑድ ያነሳኋት።

እማዬ። ማክሰኞ። 5፡10።

እኔ ያየሁት ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው።

ከዚያ የእኔና የእሷን ገጽ ከፈትኩ። ያልተሰማ ድምፅ አለ፤ ማክሰኞ፣ 5፡40። ያን ቀን ግሩፑን ቀድሜ ስለከፈትኩ አላየሁትም፣ ማታውን ደግሞ ካሳው ስልኩን ወሰደው። ሰማሁት። «ትዕግሥቴ፣ እናትሽ ነኝ። ዛሬ ስልኩን አትክፈቺው የኔ ዓለም። ዓይን ያደክማል አሉ። ለልጁ ጥሩ አይደለም። እኔ ደህና ነኝ። ምንም አልሆንኩም። አትክፈቺው እሺ?» ከዚያ መልቀቁን ረስታዋለች። የዶሮዋ ድምፅ ይሰማል። የእማዬ ትንፋሽ ይሰማል። ረጅም። ከዚያ አፏን በጨርቅ የያዘች ሴት ድምፅ።

አምስት ቀን። ብትጮህ መንደሩ ይሰበሰባል፣ ለቅሶው ኮ/ቻ ይደርሳል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ልጁ ይወርዳል። ስለዚህ አልጮኸችም። ስለ ጫጩት ነገረችኝ። ቀሚሷን ፀሐይ አሞቀች፣ ደጇን ለቀለቀች፣ ሽማግሌዎቹን ብቻዋን ጠበቀች። እኔ እሷን ስጠብቅ እሷ እኔን።

አለቀስኩ። እንደ ሰው አለቀስኩ፣ መሬት ቁጭ ብዬ። ሆዴ ምንም አልሆነም።

9፡00

ጋሽ ይመር ጎህ ሲቀድ ነው የሚሉት። ጎህ እስኪቀድ አልጠብቅም። ለካሳው ወረቀት ጣሳው ላይ ትቻለሁ፤ አውቄያለሁ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ፣ ልጃችን ደህና ነው፣ አትቆጣ። ጥቁሯን ቀሚሴን ቦርሳ ውስጥ ከትቻለሁ።

ለእትዬ ዘሀራ ደወልኩ፣ አቀበሏት። እማዬ፣ አሁን ልመጣ ነው አልኳት። የዶሮዋ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ፣ ከኋላ ወንበር አትቀመጪ፣ ሐረጎ ላይ ያንገጫግጫል፤ ከሹፌሩ ጎን ለምኚ፤ ነፍሰ ጡር ነኝ ካልሽ ይሰጡሻል አለች። እሺ አልኳት። በሩን ክፍት አደርገዋለሁ አለች።

ለምን እንደምመጣ አልጠየቀችኝም።