በዜማ ያጠናሁት እንግሊዝኛ

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

ዛሬም አልያዘልኝም። ልጄ ሐመልማል “አባባ፣ ‘ቢዚ’ ካልክ በኋላ ‘ቱ’ አታምጣ፤ ‘ቢዚ ኩኪንግ’ ነው። ‘ዎርዝ’ም እንደዚያው፣ ‘ዎርዝ ሲይንግ’” ትለኛለች። ለምን ብላት “እንዲያው ነው” አለች። እሷ አሥረኛ ክፍል ናት፣ እኔ ከስድስተኛ ያቆምኩ።

ቅዳሜ የአስጎብኝነት ፈተና አለብኝ። እስካሁን ለቱሪስት ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ተራራው ላይ ሳምንት ሙሉ ድንኳን ውስጥ ነው የማድረው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጄ ብቻዋን ታድራለች። ካለፍኩ የቀን እንግዳ ይዤ ወጥቼ ማታ ደባርቅ ቤቴ እገባለሁ። ሌላ አልፈልግም። ኪዳነ ምሕረትን ለመንኳት። ለእንግሊዝኛ ማስቸገሬ ይከፋት ይሆን?

ሐሙስ

መላ አገኘሁ! ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ የተማርኩት ሁሉ በዜማ ነው የገባኝ። ቃሎቹን ደርድሬ አዜምኳቸው፦ ቢዚ ኩኪንግ፣ ዎርዝ ሲይንግ፣ ዩዝድ ቱ ዎኪንግ። (ይሄ ‘ዩዝድ’ ደግሞ ‘ቱ’ንም ‘ኢንግ’ንም ይፈልጋል። ግራ የተጋባ ነው።)

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በአጥሩ በኩል “አያ አድማሱ፣ የምን ጸሎት ነው?” አለችኝ።

“የፈረንጅ።”

“አሚን ልበላ!”

ዓርብ

ዜማውን ሳልሳሳት ሦስት ጊዜ በቃሌ ወጣሁት። ኮራሁ። በጾም መኩራቴ ደግሞ ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ

ፈታኙ የዳባት ልጅ ነው፣ ጎረምሳ። በእንግሊዝኛ “ጭላዳ ዝንጀሮ ማየት ምን ዋጋ አለው?” አለኝ። መልሱ ‘ዎርዝ’ ዘንድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ከመካከል አልነሣ አለኝ። አፌ ከ‘ቢዚ ኩኪንግ’ ጀምሮ ማዜም ያዘ። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ፈታኙ እንባውን እየጠረገ “ጋሽ አድማሱ፣ የእኔም አባት መሪጌታ ናቸው፤ ከመካከል ጀምሩ ቢሏቸው ይቆጣሉ። ፈረንጅ ግን ‘ዎርዝ’ እስኪደርስ ቆሞ አይጠብቅዎትም” አለኝ። አፈርኩ።

ከዚያ ደጅ አውጥቶ ተራራውን እያሳየ ጠየቀኝ። ‘ቱ’ና ‘ኢንግ’ ተደበላለቁብኝ፣ ግን ሳላዜም መለስኩ። አላለፉም አላለኝም፣ አልፈዋልም አላለኝም። “ሰኞ ሁለት እንግዶች ይዤ ተራራው ላይ እስከ ሳንቃ በር ደርሼ ማታ እመለሳለሁ። አብረውኝ ይውጡና እርስዎ ያስረዷቸው፤ ከዚያ እወስናለሁ።”

እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ አንድ አስጎብኚ ደጄ ቆሞ አገኘሁት። ከሰኞ ጀምሮ ለሰባት ቀን ምግብ አብሳይ ይፈልጋል። “ሌላ ሰው ፈልግ” አልኩት። ከሄደ በኋላ አሰብኩ፦ ባላልፍስ? ከእንግዲህ ለማብሰልም አይጠራኝ ይሆናል። ሐመልማል ሰምታ ኖሮ “ነገ ለእራት ምን ልሥራ?” አለችኝ።

“ሽሮ” አልኳት። “ለሁለታችን።”