ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው የአቶ ትግሉ ብርሃኑ የሕይወት ታሪክ

አቶ ትግሉ ብርሃኑ ከአባታቸው ከአቶ ብርሃኑ ሙላትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ከፈለች ደምሴ፣ በኅዳር ወር 1971 ዓ.ም. ማሽላ ሲታጨድ በሮቢት ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃውን በቆቦ ተከታተሉ። በደሴ የኮምፒውተር ትምህርት አጠናቀው በወልድያ በአንድ የጤና ድርጅት የሰርቨር ባለሙያ ሆኑ። በ1999 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዓይናለም አበበ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ኤሌኒን ወለዱ።

ሥራቸውን ማስረዳት ይወዱ ነበር፤ በዓመት በዓል እንኳ አይተዉንም። የበሽተኞችን መረጃ የሚይዙት ሁለት ሰርቨሮች ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረከባል። መኖር አለመኖራቸውን የሚጠያየቁት ፖርት በሚባል መገናኛ ነው። ፖርቱ በአባልነት ካልተመዘገበ መልእክት ቢያመጣም አይሰማም። የተመዘገቡት ሁሉ ከተዘጉ ግን ባልንጀራው ሰርቨር በቁሙ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ከሥራቸው ሁሉ ይህን ስህተት ይፈሩ ነበር። እኛ ራሳችንን እየነቀነቅን ወጡን እንበላለን።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲመጣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ቀድመው ወደ ደሴ ሄዱ። እሳቸው በዓፋር በኩል ወጡ። ስልክም መንገድም ተቋረጠ። በመስከረም አንድ መንገደኛ መንገድ ላይ ተመተው ወድቀዋል ብሎ አወራ። ቆቦ በእናታቸው ቤት አስከሬን ሳይታይ ተለቀሰ።

በጥቅምት አቶ ሙህሲን የሚባሉ የግመል ነጋዴ ከዓፋር ቆላ በእግራቸው መጡ። በር ላይ ያገኟት የአቶ ትግሉ ታናሽ እህት ታንጉት ነበረች። «ወላሂ እህቴ፣ ትግሉ በሕይወት አለ። እግሩ ቆስሎ እኛ ቤት ተኝቷል። ለእናቱ ንገሪለት» አሏት። ታንጉት የማታውቃቸው ሰው ስለሆኑ በሐሰት የምሥራች ገንዘብ ሊበሉ የመጡ መሰላት። ውሃ እንኳ ሳትሰጥ መለሰቻቸው፤ ለእናቷም አልተናገረችም። ወ/ሮ ከፈለች ኅዳር 6 ቀን ልጄ እያሉ አረፉ።

አቶ ትግሉ እያነከሱ የደረሱት በእናታቸው አርባ ዕለት ነው። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው እያማተበ ሸሸ። ከዚያም ወዲህ በቆቦ ገበያ ሲያልፉ ድምፁን የሚቀንስ ሰው አልጠፋም። እሳቸውም ስልክ ሲያነሱ አስቀድመው «አለሁ» ይሉ ነበር። ታንጉት በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጥ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ከዚያ በፊት አቶ ሙህሲን ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ሁለቱ ሳይጠፋፉ እንደኖሩ፣ ስለ መልእክቱም አቶ ትግሉ አራት ዓመት ሙሉ ያውቁ እንደነበር የተሰማው ያን ቀን ነው። አንድም ቀን አልወቀሱም።

ታንጉት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው እግራቸው ላይ ስወድቅ አንደበታቸው ተይዞ ነበር። ስለዚህ በእናንተ ፊት እናገራለሁ፤ እናቴን ያንን ወሬ የነፈግኋት እኔ ነኝ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ እኔንና ወንድማቸውን አቶ ሙህሲንን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸው ነፍስ ጋር ያገናኝልን። እኔ ያልነገርኋትንም እሳቸው ይንገሯት። አሜን።