ሳትሄጂ ሂጂ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ወንበሬን ለተተኪዬ አስረከብኩ። የመነጽር ሌንስ የምንቆርጥበትን ማሽን አመል አሳየኋት... መቼ እንደሚያኮርፍ፣ ሌንሱን ስትይዘው እጇን እንዴት እንደምታላላ። "ገባኝ፣ ገባኝ" ትላለች። ምንም አልገባትም። ሌንስ ሰበረች። ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

አለቃዬ "ዓመት ምን አላት፣ ሳታውቂው ታልቃለች" አለ። እሱ ምን አለበት። አዲሱን ማሽን ውጭ ተምሬ ስመለስ የክፍሉ ኃላፊ ትሆኛለሽ ብሎኛል። እስኪ እናያለን።

ልጄ ድንቡሼ ትምህርት ቤት "እናቴ ለአውሮፕላን መነጽር ልትሠራለት ነው" ብላ አውርታለች። አስተማሪዋ ስትነግረኝ በሳቅ ልትሞት። አምስት ዓመቷ ነው፣ ምን ታድርግ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ከእራት በኋላ አማቴ ጠሩኝ። "ስሚ ልጄ፣ ሳትሄጂ ሂጂ።"

አልገባኝም። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው... የመጨረሻውን ሳምንት እህቴ ቤት ልቀመጥ። ለልጅቷ "ሄደች" ይባላል። "የምታለቅሰውን አንቺ እዚሁ እያለሽ ታልቅስልን። ከባሰባት ብድግ ብለሽ ትመጫለሽ፣ ጉዞውም ይቅር። ሰው አገር ከገባሽ በኋላ ብትታመምብሽስ?"

አባቷን አየሁት። እሱ ስልኩን ያያል። "እማማ እውነቷን ነው" አለ።

እሳቸው መቼ ተሳስተው ያውቃሉ። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ልጄን ከአራስነቷ ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው፣ እኔ ከሌንስ ጋር ስታገል። በምን አፌ እምቢ ልበል? እሺ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

"ሄድኩ"። ሻንጣ ይዤ፣ ታክሲ ተጠርቶ፣ ምኑ ቅጡ። ታክሲው አደባባዩን ዞሮ እህቴ ደጅ አወረደኝ። "ለዚች መንገድ ነው እንዴ?" አለ ሹፌሩ። ሂሳቡን ሰጠሁት።

አላለቀሰችም። አባቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን አወዛወዘች። ያለቀሱት አማቴ ናቸው። ያን ያህል ካዘኑ ይህን ሁሉ ቲያትር ማን አመጣው?

እህቴ በሩን ስትከፍት "እንኳን ደህና ገባሽ! ብርዱ እንዴት ነው?" አለችኝ። አብሬያት ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠብኝና መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 10

ከቤት ደወሉልኝ። በድምፅ ብቻ። "ኔትወርኩ ምስል አይወስድም" ብለዋታል።

"አውሮፕላን ውስጥ ሽንት ቤት አለ?" "አለ።" "ሽንቱ ሰው ላይ ይወርዳል?" "አይወርድም።" "ታዲያ የት ይሄዳል?"

እኔ ምን አውቄ። በዕድሜዬ ተሳፍሬ አላውቅ። "በረዶስ አለ?" "በሽ ነው" አልኳት። እህቴ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች። "ምንድን ነው የሚንኳኳው?" "ጎረቤት ነው እናቴ።"

ውሸት እንዲህ ይቀላል እንዴ? ሳላስበው ነው ከአፌ የሚወጣው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

አማቴ ደወሉ። በደንብ ትበላለች፣ በሰዓቷ ትተኛለች፣ አንዴ ብቻ ጠየቀችሽ አሉ። "እግዜር ይመስገን፣ ለመደች።"

እግዜር ይመስገን አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ትራሱን በቡጢ ደበደብኩት። ምን ፈልጌ ነበር? እንድትታመምልኝ? አዎ። ትንሽ... ትኩሳት ቢጤ። ሮጬ ሄጄ "ይኸው፣ አልቻለችም" እንድል። እዚህ ላይ እውነቱን ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ተያየን።

ለመንገድ የሚሆን የራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ናት ብዬ። ለካ ዛሬ በጊዜ ለቀዋቸዋል። መድኃኒት ቤቱ በር ላይ አማቴ የድንቡሼን እጅ ይዘው ብቅ አሉ። ፊት ለፊት። እጄን ብዘረጋ ፀጉሯን እነካለሁ።

አየችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ። አፌን ከፈትኩ... አማቴ በዓይናቸው "ተይ" አሉኝ።

ተውኩ። እንደማላውቃት ሰው በጎኗ አልፌ ወደ እህቴ ቤት አቅጣጫ ሄድኩ። የገዛ ልጄን። ትጠራኛለች ብዬ ጀርባዬ ጆሮ ሆኖ ነበር። አልጠራችኝም።

በኋላ አማቴ ደወሉ። "እናትሽን የምትመስል ሴትዮ ናት አልኳት። አመነች።" ምን አለች? "ምንም።"

ምንም? ስለ አውሮፕላን ሽንት ያን ሁሉ የጠየቀች ልጅ፣ ምንም?

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ለአባቷ ደወልኩ። "መጥቼ እውነቱን እነግራታለሁ።"

"ነገ በራሪ ነሽ። ዛሬ መጥተሽ፣ ነገ ደግሞ ልትሄጂባት? ሁለቴ ልታስለቅሻት?"

"ላንተማ ቀላል ነው።"

"ዓመቱን ሙሉ ከሷ ጋር የሚቀረው ማነው?"

እሺ ስልኩን ስጣት አልኩት። ጠራት። አላነጋግርም ብላለች። ተኝታለች ቢለኝ ምናለበት። እሱ ደግሞ የሚዋሽበትን ቀን አያውቅም።

መሄድ እችል ነበር። አደባባዩን መሻገር ብቻ ነው። ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አጥልቄ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ፈራኋት። የአምስት ዓመት ልጄን ፈራኋት።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

ትናንት ደረስኩ። አሁን የእውነት።

ጠባብ ክፍል ናት። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሲንጫጫ የሚያድር ማሞቂያ። በረዶ የሚባል ነገር የለም፣ ዝናብ ነው። ሥልጠናው ነገ ይጀመራል። ሻንጣዬን አልፈታሁም።

ደወልኩ። አባቷ እያለከለከ አነሳው። የት ናችሁ?

"እህትሽ ደጅ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እጄን አስለቅቃ ሮጠች። ሰው የለም፣ አክስትሽ ሥራ ናት ብላት... ሞቼ እገኛለሁ አለች። እስኪ አንቺ ንገሪያት።"

በሩ ሲደበደብ በስልኩ ይሰማኛል። በትንሽ እጅ፣ ሳያቋርጥ።

"ድንቡሼ፣ እማዬ ነኝ። አሁን እውነቴን ነው፣ ሩቅ አገር ነኝ። በአውሮፕላን መጣሁ። ክፍሌን ላሳይሽ? ዝናቡን ላሳይሽ?"

ድብደባው ቆመ። ትንፋሿ ቀረበኝ። አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ፣ ማንም እንዳይሰማት፣ በሹክሹክታ...

"እማዬ፣ እማማ አብራን የለችም። አሁን ክፈቺልኝ።"