በአንድ ስልክ አንድ ሰው

ልጄ ሩታ፣ ባለሽበት የጌታ ጸጋ ይብዛልሽ፤ በክንፎቹ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም።

ማኅበራችን በቡሹሎ ጤና ጣቢያ ለሚያዘጋጀው ነፃ የዓይን ምርመራ የሠራሽውን ድረ ገጽ አየሁት። ከላይ ያደረግሽው ሐይቅ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ሕልም መሰለኝ። አሁን አሁን እውነተኛውም እንደዚያው ነው፤ ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ስቆም ጀልባዎቹ ደመና ላይ የሚሄዱ ይመስለኛል። ደስ ይላል።

ዓሣ የምትሸጠው ጎረቤታችን ታቢታ ስልክ ስለሌላት በእኔ ቁጥር አስመዘገብኳት። ቀጥሎ የራሴን ስም ሳስገባ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» ብሎ መለሰኝ። እዚህ አንድ ስልክ የግቢው ሁሉ መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ታቢታ «እኔ ልውጣና እርስዎ ይግቡ» ብትለኝም እሺ አላልኩም፤ እሷ የዓሣውን እሾህ እንኳ መለየት አቅቷታል።

እንግዲህ ሥራ ካልበዛብሽ፣ ምዝገባው ሳይዘጋ ለእኔም ቦታ ፈልጊልኝ። አትጨነቂ። ብቻ ከጓደኛሽ ጋር የተነሳሽውን ፎቶ ሳየው የትኛዋ አንቺ እንደሆንሽ መለየት አቃተኝ።

ጌታ ፊቱን ያብራልሽ፤ ያንቺንም ፊት አጥርቶ ያሳየኝ።

እናትሽ