የተፈተገው ዶላር

እሑድ፣ መጋቢት 2 ቀን 1999፣ ሁስቢ

ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝን አዲሱን የዶላር ሳንቲም ዛሬ ለሳንቲም ሰብሳቢ ጓደኞቼ አሳየሁ። ዓመተ ምሕረቱ ጠርዙ ላይ በመጻፉ ሁሉም ተናደዱ። “አልበም ውስጥ ሲገባ ዓመቱ በምን ሊታይ ነው?” አሉ። ከዚያ ሳንቲሙን ቀረብ አድርገው አዩት። አንዱ፣ “ይሄማ ተፈትጎ ተበላሽቷል፤ የሚፈልገው የለም” አለኝ።

እማዬ ናት እንዲያምርልኝ ብላ በሎሚና በጨው የፈተገችው። ቤት ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝ።

“ወደዱልህ?”

“በጣም ወደዱት፣ እማዬ።”

አሁን አባቴ ትቶልን የሄደውን ጠገራ ብር ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ሎሚ እየቆረጠች ነው። ተይ ልላት ተነሳሁ። እያንጎራጎረች ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።