አባትሽ ያልለያቸው ሁለት ቀለሞች

የማህፀኔ ፍሬ፣ የአምላክ ጥላ ከላይሽ አይለይ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ልዋሽሽ ግን አልቻልኩም።

ለሳሎናችን የመረጥሽልንን ሁለት ቀለሞች፣ ፈዛዛ አረንጓዴውንና ፈዛዛ ሮዙን፣ ቀቢው ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ሞከራቸው፤ ድምቀታቸው እኩል ነው። አባትሽ ትክ ብሎ አያቸውና «አንዱን ቀለም ለምን ሁለት ቦታ ቀባኸው?» አለው። ቀቢው ሙያውን ያስተማረው አባትሽ ስለሆነ «ጋሼ፣ ቀልድዎ አያልቅም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀለም በጥብጦ ያሳደገሽ ሰው ይህን ይስታል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ሰውየው ሲሄድ ግን አባትሽ «ዓይኔ ከከዳኝ ሁለት ዓመቱ ነው» አለኝ። ለምን ደበቅኸኝ ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺ ካወቅሽ ለልጅቷ ትነግሪያታለሽ። ያኔ ጉልበቴን ሲያመኝ ብነግራት፣ የበሽታ ወሬ እየነገራችሁ ሥራ አታስፈቱኝ አላለችም?» አለ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙም «ዘግይታችኋል፤ የጠፋው የዓይኑ ብርሃን ከእንግዲህ አይመለስም» አለን። ያኔ አፍሽን ቆጥበሽ ቢሆን ኖሮ ዓይኑ ይተርፍ ነበር። እናትሽ ካልነገረችሽ ማን ይነግርሻል?

ዕድሜ ይስጥሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ። ስትደውዪ ስለ ቀለሙ አትጠይቂው። «አባዬ፣ ዓይንህን እንዴት አደረገህ?» በዪውና፣ እባክሽ፣ ሳትቸኩዪ እስኪጨርስ ስሚው።

እናትሽ